ጉብታው ላይ ያልወጣ ወሬ

ከገነተ ማርያም በላይ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ አፍ ተጠግቶ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ ጉብታ አለ። ዛፍ የለበትም፣ ቤት የለበትም፤ የሚቆምበት ሰው ብቻ ነው። ድሮ ሰው እዚያ ይወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ የማዶውን መንደር ይጠራ ነበር። «እገሌ ሆይ! በሬህ እህል ገባ!» ይላል፤ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ገደሉን ነክቶ፣ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ኋላ ስልክ መጣ። በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ሆነና ሰው እንደ ድሮው እዚያው መውጣቱን ቀጠለ፤ እጁን ከአፉ ወደ ጆሮው አዛወረ እንጂ። ክረምት ላይ ጉም ሸለቆውን ሲሞላው ጉብታው ላይ የቆሙት ሰዎች ደመና ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ከታች ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ስልክ ይዘው ዝም ሲሉ ሕልም የሚያዩ ይመስሉኛል።

አሰለች የተወለደችው እዚያ ጉብታ ሥር ነው። የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

እኔ ከፋለ እባላለሁ፤ ላሊበላ ከገበያው መውጫ ላይ፣ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከአጠገቤ ያለችው ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የአሰለች ናት። ሲም ካርድ ትሸጣለች፣ የተሰበረ ስክሪን ትቀይራለች፤ ዋናው ሥራዋ ግን ቻርጅ ማድረግ ነው። ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣው ሰው በጉን ከማሰሩ በፊት ስልኩን ለእሷ ያስረክባል። ገበያው እስኪበተን ድረስ ስልኮቹ መደርደሪያው ላይ ተኮልኩለው ትንንሽ መብራታቸውን እያበሩ ይውላሉ። የትኛው የማን እንደሆነ ምልክት አታደርግም፤ በጭረቱ፣ በታሰረበት ክር፣ ጀርባው ላይ በተለጠፈው ሥዕል ታውቀዋለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ሳቋ ግን እስከ መናኸሪያው ይሰማል። አግብታ ነበር፤ ሰውየው ጥሏት ወደ መተማ ወረደ። «የት ገባ?» ሲሏት «ኔትወርክ ከሌለበት» ትልና ወሬውን ትዘጋዋለች።

ሱቁን ከመክፈቷ በፊት ጋሸና ነበረች፤ መንገዱ ወደ እኛ በሚታጠፍበት፣ የጭነት መኪና በሚበዛበት ከተማ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግድ ነበር። ጊዜው ኔትወርክ ከአገሩ ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ ነበር። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ሳይታወቅ ወራት አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳያስበው፣ ኔትወርክ መጣ። መጀመሪያ የአንድ ሾፌር ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ቀጥሎ ከግድግዳ ማዶ የጎረቤቱ። ከተማው የወፍ መንጋ ያረፈበት ይመስል በየአቅጣጫው ጢው ጢው አለ። ሰው እየሳቀ ወደ ስልኩ ሮጠ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ በእነዚያ ወራት የተጠራቀመው መርዶ ሁሉ በአንድ ጠዋት ወረደ።

አሰለች ጥብስ ይዛ ወደ አንድ ጠረጴዛ እየሄደች ነበር። ስልኳ ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ነዘራት፤ በአንድ እጇ አውጥታ አየችው። የወንድሟ የአዝመራው ፎቶ ነበር፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ጎማው ላይ ተደግፎ የተነሣው። ከጎኑ የሚነድ ሻማ ተለጥፎበታል። ከሥሩ የማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል፤ ከዚያ ሥር ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። መኪናው ተገልብጦ መሞቱን፣ ከሞተም መክረሙን ያወቀችው እንዲህ ነው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከተቀመጡት አንዱ ቀና እንኳ ሳይል «አዋዜ ጨምሪልን» አላት።

«ጨመርሁላቸው» አለችኝ ይህን ስታጫውተኝ። «አየህ አያ ከፋለ፣ የወንድሜን ሞት ሰምቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አዋዜ ማምጣት ነው። ጩኸት እንኳ አልወጣልኝም። የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር የት ልውደቅ?»

መርዶ በእኛ አገር እንዲህ አይደለም የሚነገረው። ሰው ሞቶበት ያልሰማ ሰው ቤት ንጋት ላይ ይኬዳል። ሽማግሌ ይቀድማል፣ ቄስ አብሮ ይኖራል፣ ጎረቤት ከኋላ ይከተላል፤ ባለ ሐዘኗ ሴት ከሆነች፣ ስትወድቅ የሚደግፏት ሴቶች አጠገቧ ይጠጋሉ። ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘኑ በዚህ አይቀንስም፤ ሲመጣብህ ብቻህን አለመሆንህ ነው ነገሩ። ስልክ ይህን ሥርዓት አያውቅም፤ ለባለ ሐዘኑም ለአላፊ አግዳሚውም እኩል ይናገራል።

ላሊበላ መጥታ ሱቋን የከፈተች ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ስልኩን ሊወስድ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ልጨምርህ?» «ልጨምርሽ?» ስትል ዋለች። «ምን ውስጥ?» ይሏታል። «ጉብታው ውስጥ።» በቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ስሙን «ጉብታው» ብላዋለች። ፎቶው ላይ ያ ጉብታ ከጉም በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ሰው የፍየል ዋጋ የሚጠያየቅበት ነገር መሰለውና ገባ፤ እውነትም የፍየል ዋጋ ተጠያየቀበት። የጠፋች በቅሎ ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ መታየቷ ተነገረበት። የተዳረ ሰው ሰርጉን አሳየበት፣ የወለደችው ልጇን። ጋሸና ሻይ ቤት ያለው ፈንታው የመንገዱን ወሬ ያመጣል፤ ኮምቦልቻ ጨርቅ የምትነግደው ዙልፋ የከተማውን። እየዋለ እያደረ ላስታን ለቆ የሄደ ሰው ሁሉ የሚመለስበት ሜዳ ሆነ።

እኔን አድሚን ያደረገችኝ በተንኮል ነው። አንድ ቀን፣ ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል እየለጠፈ «እንደምን አደራችሁ» የሚለውን ሰው ሁሉ ስራገም ሰምታ፣ «አያ ከፋለ፣ አንተ ቁጡ ነህ፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠርህ ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አበባ አልወድም። ድምፅ ቀድቶ ልኮ ግማሹን በሳል የሚጨርሰውንም አልወድም። ብዙ ሰረዝሁ። አድሚን የተሰረዘውን ሁሉ መልሶ የሚያይበት ቦታ አለ፤ እኛ «ጓዳ» እንለው ነበር። አሰለች ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት በየቀኑ ጓዳ ትገባና «ምነው ይሄን ምስኪን፣ አበባው ምን አደረገህ?» እያለች ትስቅብኛለች።

እሷ ግን ሰው አታባርርም። ጉብታው ላይ የተሰዳደቡ ሰዎች ቅዳሜ ሲመጡ ስልካቸውን ቻርጅ አታደርግላቸውም፤ መጀመሪያ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን፣ እሷና የፈረደብኝ እኔ። መጀመሪያ ተኮራርፈው ይቀመጣሉ። እኔ እሰፋለሁ፣ እነሱ መኪናው ሲንኳኳ ይሰማሉ። ስልካቸው ሞቶ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር፣ አንዱ ለሌላው «ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ይለዋል። እርቅ ከዚያ ይጀምራል።

በጉብታው ላይ የማይነካው ሕግ አንድ ነበር፣ የመጀመሪያው፦ ሞት ቤት ሳይገባ ጉብታ አይወጣም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለአሰለች ይደወላል። እሷም «ያልተረዳ ዘመድ ማን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ካለ፣ ሽማግሌ እስኪደርስለት ድረስ አንድም ሰው አይተነፍስም። ከተነገረው በኋላ ባለ ሐዘኑ ራሱ፣ ወይም ከቤቱ አንድ ሰው፣ «ቤት ገብቷል» ብሎ ይጽፋል። ያኔ ሻማውም ይበራል፣ «ነፍስ ይማር»ም ይጎርፋል።

መጀመሪያ ላይ ዝም እንል ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን አልሠራም። ሁልጊዜ የሚንጫጫው ጉብታ ድንገት ጭር ሲል፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለና «ማን ነው የሞተብኝ?» አለን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት መንጫጫት ለመድን። ፈንታው ስለ ጭቃው፣ ዙልፋ ስለ ጨርቁ፣ እኔ ስለማልወደው አበባ። ያ ሁሉ ወሬ የሆነ ሰው ንጋት ላይ ብቻውን እንዳይሆን የሚወራ ነበር። አንዳንዴ ስሰፋ ቆም እልና በየሸለቆው፣ በየከተማው ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሰው እንዳይነቃ በለሆሳስ የሚያወራ ይመስለኛል።

ከዚያ የምሥራቅ ነገር መጣ።

ምሥራቅ የዚያው የጉብታው ሥር ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ጉብታው ላይ የምትጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዛሬ ጉም አለ?» አንዱ ጉብታው ላይ የቆመ ሰው ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል። «አለ»፣ ወይም «ተገፍፏል»፣ ወይም «ግማሹን ሸፍኖታል»። አበባ የምጠላው ሰውዬ ይህችን ጥያቄ እወዳት ነበር። ጥያቄዋን ሳላይ መርፌ አላነሣም።

አባቷ አረፈ። ሽማግሌዎቹ እስከ ኮምቦልቻ መሄድ ነበረባቸው፤ መንገዱ ደግሞ ተበላሽቶ ነበር። ጉብታው ተንጫጫ። ፈንታው ሽንኩርት የጫነ መኪና መገልበጡን ነገረን፤ ሰው ሁሉ ስለዚያ ሽንኩርት ተከራከረ። በዚህ መሐል ምሥራቅ ጻፈች፦

«ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ነጭ ነው፣ ደም የለውም። ምን ይሆን? ፍቱልኝ።»

የጥርስ ሕልም ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ዘመድ ማጣት ነው። ስልኬ ላይ ሰው ሊጽፍ ሲጀምር አያለሁ፤ ይጀምራል፣ ይተወዋል፤ ሌላው ይጀምራል፣ ይተወዋል። የፈንታው ሽንኩርት እንኳ ቆመ። ዙልፋ «ኸይር ያድርገው እህቴ» አለቻት። አሰለች ከሱቋ ወጥታ ከአጠገቤ ቆመች። ውሸት መጻፍ አትፈልግም፣ እውነቱን መጻፍ አትችልም። በመጨረሻ እንዲህ ጻፈች፦

«ለደግ ያድርግልሽ እህቴ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ እዚህ የሚፈታ አይደለምና ደህና ፈቺ እስኪመጣልሽ ጠብቂ።»

በማግስቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ዙልፋም ነጠላዋን ተከናንባ አብራ ሄዳ ነበር፤ ምሥራቅን አቅፋ የያዘቻት እሷ ናት። እኛም «ቤት ገብቷል» የሚለውን ቃል ጠበቅን። አልመጣም። ቀናት ካለፉ በኋላ ምሥራቅ የጻፈችው ሌላ ነበር፦

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ስለ ሽንኩርት ስትሳሳቁ አባቴ ተቀብሮ ነበር። ሕልሜን ስነግራችሁ እንኳ ተሸሸጋችሁኝ። ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ተጫወታችሁብኝ።»

ከዚያ ከጉብታው ወጣች። በማግስቱ ስለ ጉሙ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

አሰለችን ይህ ሰበራት። ሳቋ ከበረንዳው ማለፍ አቆመ። ለምሥራቅ ደወለች፤ አታነሣም። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ፣ የተጣሉት ሰዎች በሚቀመጡበት፣ ብቻዋን ተቀመጠችና «አያ ከፋለ፣ እኔ የሠራሁት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ግሩፕ ነዋ!»

«አታላግጥ። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ብዬ ያቆምሁት ነገር ሰውን መጫወቻ የሚያደርግ ከሆነ ልዝጋው። ልጅቱ እውነቷን እኮ ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ጋሸና ላይ ብቻዬን አወቅሁ፣ ያ ክፉ ነው፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ሳታውቅ ቀረች። የቱ ይብሳል? ከዚያኛው ወገን ሆኜ አላየሁትም።»

«አብሽሪ፣ ይበርድላታል» አልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሰለች ጉብታውን ለመዝጋትና ለመተው በልቧ ስትመላለስ ከረመች። ስልኩን ታነሣለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ደግነት ይሁን ግፍ ሳታውቅ ልትቀጥል አልፈለገችም። እኔም ቢዘጋ ምን እንደምሆን አሰብሁና ደነገጥሁ፤ የሚሰረዝ አበባ እንኳ ያሳሳኝ ጀመር።

ስለ አሰለች እናት፣ ስለ እማማ ገለቴ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። እማማ ገለቴ ስልክ አልነበራቸውም። ልጃቸውን ሲፈልጉ የጎረቤት ስልክ ተውሰው ጉብታው ላይ ይወጡና ስልኩን በክንዳቸው ርዝመት አርቀው ይዘው፣ ወደ ላሊበላ አቅጣጫ ዞረው፣ «አሰለችዬ ሆይ!» ብለው ይጣራሉ። አሰለች ስልኩን ከጆሮዋ ታርቀዋለች፤ እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። «እማዬ፣ አይጮህበትም እኮ!» ትላቸዋለች። «እንድትሰሚኝ ነዋ፣ ጉም መሐል ገብቷል!» ይላሉ።

ነሐሴ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ደመናው ከጣሪያ ያልተነሣበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። አባ ሙሉሃብት ናቸው፣ የዚያ መንደር ቄስ።

«ከፋለ፣ አሰለች ከአጠገብህ ናት?»

«አለች አባ።» ሱቋ ውስጥ አጎንብሳ የአንድ ስልክ ባትሪ እየቀየረች ነበር፤ በመካከላችን ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው።

«እንግዲያው ስለ ቀሚሴ አውራኝ።»

አልገባኝም። «ምን አሉ አባ?»

«ስለ ቀሚሴ አውራኝ አልሁህ፣ ልጄ። ጮክ በል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። «አ... አልደረሰም አባ» አልሁ። «እጅጌው ቀርቷል።»

«ገለቴ አረፈች። ከቅዳሴ መጥታ ጋደም አለች፤ አልተነሣችም።»

«ጨርቁ አንሶኝ ነው አባ።»

«ንጋት ላይ እንደርሳለን። ቀብሩ ነገ ነው። እስከዚያ አደራ።»

«እሺ አባ። አንገቱንስ እንዴት ላድርገው?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉና ዘጉት። መኪናዬን መርገጥ ጀመርሁ፤ ክር እንኳ አልነበረበትም።

ወዲያው ለፈንታው ጻፍሁለት፣ ለዙልፋም፤ እነሱ ደግሞ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው። እንዲህ እያለ ወሬው ከጉብታው ሥር ሥሩን ሄደ። ቢሆንም አንድ የመንደሩ ልጅ፣ ገና አዲስ የገባ፣ ሕጉን ያልለመደ፣ የእማማ ገለቴን ፎቶ ከነሻማው ለጠፈው። ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ሰረዝሁት። ቀና ብዬ አየኋት። እንዳጎነበሰች ናት። ስልኳ ባንኮኒው ላይ በፊቱ ተደፍቷል።

ጉብታው ይንጫጫ ጀመር። ፈንታው ጋሸና መታጠፊያው ላይ ጭቃ ያስቀረውን አውቶቡስ በፎቶ ላከ። ዙልፋ «የነጠላ ዋጋ ቀንሷል፣ የምትፈልጉ» አለች። አንዱ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የጠፋ ውሻ አለኝ አለ፤ ያ ሰው በዘመኑ ውሻ ኖሮት አያውቅም። እኔ ራሴ፣ ምን ላድርግ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ ለጠፍሁ።

አሰለች ባትሪውን ጨርሳ ስልኳን አነሣች። ስታነብ በቆርቆሮው ስንጥቅ አያታለሁ። አውቶቡሱን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ አበባዬን ስታይ ፈገግ ልትል ፈለገች። ያኔ ጉብታው ላይ አንድ ነገር ወጣ፦ «ምሥራቅ ተቀላቅላለች።» ከሥሩም እንዲህ የሚል፦

«ኮምቦልቻ ዘንቧል። እዚያስ ዛሬ ጉም አለ?»

አሰለች ቀስ ብላ ቀና አለች። ወደ መንገዱ አየች፣ ደመናው እስከ በረንዳችን ወርዶ የገበያው ሰው ግማሽ ግማሹ ብቻ ይታያል። ማን ነው፣ ምንድን ነው ብላ ለማንም አልደወለችም። ከዚያ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ፤ መልሷ በእኔ ስልክ ላይ መጣ።

«ሸፍኖታል እህቴ። እንኳን ተመለስሽ።»

ከሱቋ ወጣች። በዚያ ሰዓት በየቀኑ ጓዳ ገብታ የሰረዝሁትን እያየች ትስቅብኝ ነበር፤ ያን ቀን አልገባችም። ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው። «አያ ከፋለ፣ ዛሬ በጊዜ ልዝጋ። ቤቴን ልጠራርግ» አለችኝ።

«ዝጊ» አልኋት። ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

«የአባ ሙሉሃብት ቀሚስ እጅጌው ነው የቀረው?»

«እጅጌው ነው።»

«ጨርስላቸው» ብላኝ በጉሙ ውስጥ ወደ ቤቷ ሄደች።

ንጋት ላይ ደረስን። አባ ሙሉሃብት መቋሚያቸውን ይዘው ቀደሙ፣ ከመንደሩ የመጡት ሽማግሌዎች ተከተሉ፣ የሰፈራችን ሴቶች ከኋላ፣ እኔም ከነሱ ጋር። በሩ ተከፍቶ ነበር። ግቢው ተጠርጓል፤ አግዳሚ ወጥቷል፤ ወንበር ከጎረቤት ተለምኖ ሳይሆን ካላት ሁሉ ተሰብስቦ ተደርድሯል። አሰለች ደጁ ላይ ቆማለች። ለሐዘን ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። የእሷ ጥለት እንደ ዘወትሩ ወደ ታች ነበር።

«እንደምን አደሩ አባ። ግቡ» አለች።

ሴቶቹ ተጠጓት። አባ ሙሉሃብት መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ሁለት እጃቸውን ነፃ አደረጉ። «ልጄ አሰለች፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽ ገለቴ አርፋለች።»

ጋሸና ላይ ያልወጣው ጩኸት ያኔ ወጣ። እናቷንም ጠራች፣ አዝመራውንም ጠራች፤ ሁለቱም ያን ጠዋት የሞቱ ያህል። ወደቀች፣ መሬት ግን አልነካችም፤ ብዙ እጅ ነበር። ነጠላዋን ያዘቀዘቁላት ሴቶቹ ናቸው። እኔ አልቃሻ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ከግቢው ጥግ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

እስከ ገነተ ማርያም በመኪና ሄድን፤ ከዚያ በእግር ሽቅብ። ጉሙ ከእኛ ጋር ይወጣል። አሰለች ክንዴን ይዛ ነበር። ትንሽ ስትረጋጋ «መቼ አወቅሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምሥራቅ ስለ ጉሙ ስትጠይቅ። ተቀይማን የወጣች ልጅ ለተራ ወሬ አትመለስም።»

«ያንን ሁሉ ሰዓት ታውቂ ነበር?»

«ሞት መሆኑን አወቅሁ፤ የሌላ ቢሆን መጀመሪያ ለእኔ ይደወል ነበርና፣ የእኔ መሆኑንም። የማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም፣ ላውቅም አልፈለግሁም።»

«ጓዳ ብትገቢ እኮ ታዪው ነበር። የሰረዝሁት እዚያው ነበር።»

ቆም አለችና አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ሰው እየመጣልኝ ምን አስቸኮለኝ?» አለችኝ። «ቤቴን ስጠርግ አያ ከፋለ፣ እያንዳንዳችሁን አስብ ነበር። ያ የውሻው ሰውዬ እንኳ ለእኔ ብሎ ነው ውሻ የፈጠረው። አንተ አበባ ለጠፍህ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ብቻዬን አልነበርሁም።»

ጉብታው ላይ ስንደርስ ከሥር ከእናቷ ቤት የልቅሶው ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ግን በጉሙ ተውጧል። ሽማግሌዎቹ ዐልፈው ወረዱ። አሰለች ቆመች፤ እናቷ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ላይ። ስልኳን አውጥታ ከፈተችው። በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ጻፈች፦

«ቤት ገብቷል።»

እኔም ሻማዎቹን፣ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ሁሉ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የመጣው ግን ያ አልነበረም። የምሥራቅ ነበር፦

«የእኔም ቤት ገብቷል።»

አሰለች አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ቁልቁል ወደ ጉሙ፣ ወደ እናቷ ቤት ወረደች። መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር፤ ስልኩ እጄ ውስጥ እየነዘረ ተከተልኋት።